ሰርጉን ቆርጦ ልጁን ላስቀረልን ኮሚቴ

ለከተማ ፊልም ማሳያዎች የዕድሜ ደረጃ መዳቢ ኮሚቴ
ለተከበሩ ሰብሳቢው ለአቶ ኤልዳድ ኃይለየሱስ
ሮቤ

ጉዳዩ፦ ልባዊ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከረሙ እላለሁ። በተለይ ዐይንዎ እንዴት ነው? እኛ የጎባ ሰዎች በወጣትነታችን ደጋግመን አይተን አንድም ክፉ ነገር ያላገኘንበትን ፊልም፣ እርስዎና ባልደረቦችዎ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልክታችሁ ያን ሁሉ ነውር ለቅማችሁ ማውጣታችሁን ስሰማ፣ እንዲህ ያለ ዐይን ከነፋስና ከአቧራ ይጠበቅ ዘንድ ጸሎት አድርጌአለሁ። የሮቤ ነፋስ በዚህ ወራት ክፉ ነውና ደጅ ሲወጡ መነጽርዎን አይርሱ።

ስሜ ሠርከአዲስ ይባላል። ጎባ ተወልጄ ጎባ ያረጀሁ፣ የሥራ ዘመኔን በሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጬ የአለቆችን ደብዳቤ ታይፕ ስመታ የኖርሁ ጡረተኛ ነኝ። «እናሳስባለን»፣ «በጥብቅ እናስታውቃለን»፣ «ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» የሚሉት ቃላት ከጣቶቼ ጋር አብረው አርጅተዋል። እስከ ዛሬ ግን በራሴ ስም ለባለሥልጣን ጽፌ አላውቅም ነበርና፣ ይህን ዕድል ስለ ሰጡኝ የመጀመሪያው ምስጋናዬ ይድረስዎ። በጋዜጣ በግልጽ መጻፌም ለክፋት አይደለም። የኮሚቴዎ ውለታ የደረሰው ለብዙ ሰው ስለሆነ ምስጋናውንም ብዙ ሰው ይስማው ብዬ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ታላቅ ወንድሜ አምባዬ የግሬደር ነጂ ነበር። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አናት አቋርጦ፣ በሪራ በኩል ጫካውን ሰንጥቆ ወደ ደሎ መና የሚወርደውን መንገድ፣ ጎርፍ ሲቦረቡረው እየደለደለ፣ ናዳ ሲዘጋው እየጠረገ ነው ጡረታ የወጣው። ሚስቱ፣ ነፍሷን በገነት ያኑራትና፣ ደግ ሴት ነበረች። በሰላም ኖረው በክብር ሸኛት። ከእሷ በኋላ ግን ቤቱ ቀዘቀዘበት። የጎባ ብርድ እንደሚያውቁት ነው፤ ጋቢ የሚመልሰው ከፊሉን ብቻ ነው።

ወይዘሮ ገላኔን ደግሞ እዚያው ሮቤ ስለምትኖር ሳያውቋት አይቀሩም። እኔና እሷ ጎባ አንድ ክፍል ተምረናል። ያኔ አምባዬ ይወዳት ነበር፤ እሷም አልጠላችውም። በዚያ ዘመን በከተማችን አዳራሽ አንድ የህንድ ፊልም እየተመላለሰ ይታይ ነበር። ርእሱን አስተካክሎ መጥራት የሚችል ሰው ስላልነበረ ከተማው ራሱ «የወንዝ ማዶዋ» ብሎ ስም አወጣለት። ገላኔ ከእኔ ጋር ፊት ትቀመጣለች፤ አምባዬ ከጓደኞቹ ጋር ኋላ ይቀመጣል። ቀረብ ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ፊልሙ ሳያልቅ ወሬው ሮቤ አባቷ ቤት ይደርስ ነበር። አባቷም ቢሆኑ ብዙ አልቆዩም፤ ደሎ መና ላለ የወዳጃቸው ልጅ ቃል ገብተው ኖሮ፣ የዚያኑ ዓመት ዳሯት። እሷ ስትሄድ አምባዬ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ባሏ መልካም ሰው ነበር። ወለደች፣ ከበደች፣ ደሎ መና የተከበረች እናት ሆነች። ወንድሜም ሳነቴን እየተሻገረ ሥራውን ይሠራል። መንገዱን እስከ ደሎ መና መግቢያ ጠርጎ እዚያው አዙሮ ይመለስ ነበር። «እዚህ ድረስ መጥተህ ሻይ እንኳ ሳትጠጣ?» ሲሉት «ግሬደር ከተማ አይገባም» ይላቸዋል። እኔ እህቱ ነኝና ስለዚህ መልስ ምንም ጠይቄው አላውቅም።

ገላኔ ባሏ ሲያርፍ ሮቤ ወዳለው ትልቅ ልጇ ወደ ጫሊ መጣች። ዐምና እዚህ ጎባ ለቅሶ ቤት ከአምባዬ ጋር ተገናኙ፣ ሰላም ተባባሉ፣ እግዜር ያጥና ተባባሉ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ በየሳምንቱ ሮቤ ጉዳይ ይገኝለት ጀመር። አንድ ሳምንት ጥርሱን ያመዋል፣ አንድ ሳምንት ሰዓቱ ይቆማል፣ አንድ ሳምንት ደግሞ የጎባ ፀጉር አስተካካይ ሁሉ እጁ ይበላሻል። ጫሊ ይህን ሲያውቅ ፊቱን አጠቆረ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን «እናቴ በዚህ ዕድሜዋ የሰው መሣቂያ አትሆንም» አለ መባሉን ሰማን። አምባዬ አልተቀየመም። «ልጁ እውነት አለው፤ በስውር የሚደረግ ነገር ያሥቃል። በግልጽ ከሆነ ግን ምን ያሥቃል?» አለኝ።

እንግዲህ ፊልሙ የተፈለገው ለዚህ ነው። ሴት ልጁ ሀይሚ ከተዘጋ የቪዲዮ ቤት መጋዘን ውስጥ «የወንዝ ማዶዋን» አሮጌ ካሴት ፈልጋ አገኘች። አምባዬ ሁለቱ ቤተሰቦች ከነልጅ ልጆቻቸው በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው አንድ ነገር ላይ አብረው እንዲሥቁ፣ አብረው እንዲያዝኑ ፈለገ። ከዚያ በኋላ ጫሊን ለብቻው ወስዶ ሊያነጋግረው ነበር ሐሳቡ። እኔ የጡረተኞች ማኅበራችን የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ ስለሆንሁ አዳራሹን ጠየቅሁ፤ ካሴቱንም እንደ ደንቡ ለኮሚቴዎ አቀረብሁ።

የኮሚቴዎ መልስ ባማረ ማኅተም፣ ዋናውን ካሴት በአደራ አስቀርቶ ከተቆረጠው ቅጂ ጋር ደርሶናል። ፊልሙ «ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ» ተብሏል፤ ሊታይ የሚችለውም የተጠቀሱት ትዕይንቶች ከወጡለት በኋላ ነው። ለዐዋቂ ብቻ ከተባለ በኋላ ከዐዋቂም የሚሰወር ነገር መኖሩ ለጊዜው ግር ቢለኝም፣ ምክንያቶቹን ሳነብ ግርታዬ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ለአንባቢ ትምህርት ይሆን ዘንድ ጥቂቶቹን ከትሑት አስተያየቴ ጋር አቀርባለሁ።

፩ኛ. «ተዋናዩ ተዋናይቷን ከሚገባው በላይ ለተራዘመ ጊዜ ይመለከታታል።» ክቡር ሰብሳቢ፣ ሁለቱ የቆሙት በወንዝ ወዲህና ወዲያ ነው፤ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል። ሰውየው ከማየት በቀር ምን እንዲያደርግ ነበር? ሆኖም የሚገባው እይታ ልኩ የት ድረስ እንደሆነ ኮሚቴው በማስታወቂያ ቢገልጽልን፣ ሮቤ ገበያ የሚወጡ ወጣቶቻችን ዐይናቸውን በቁጠባ በተጠቀሙ ነበር።

፪ኛ. «ያለ መከላከያ ቆብ ፈረስ ይጋልባል፤ ለሕፃናት መጥፎ ምሳሌ ነው።» እዚህ አገር ልጅ ከእናቱ ጀርባ የሚወርደው ፈረስ ጀርባ ላይ ለመውጣት ነው። አባቶቻችን ሲጋልቡ ቆብ ያደርጉ እንደ ነበር ግን እመሰክራለሁ። ለብርዱ።

፫ኛ. «የድልድዩ ሠራተኞች ከወገብ በላይ አልለበሱም።» ይህችን ለወንድሜ ሳነብለት፣ ዕድሜውን ሳነቴ ላይ ካፖርት በካፖርት ደርቦ የሠራ ሰው ነውና፣ «ምነው እኛም ለዚህ ነውር የሚበቃ ሙቀት ባገኘን» ብሎ ተከዘ።

፬ኛ. «በሰርጉ ላይ ሙሽራው የሙሽራይቱን እጅ ይይዛል።» ስለዚህም ሰርጉ በሙሉ ይውጣ። ስለዚችኛዋ አሁን ምንም አልልም፤ ሥራዋን ራሷ ሠርታለች።

በዚያው ሳምንት በዚያው አዳራሽ ሌላ ፊልም «ለሁሉም ዕድሜ የተፈቀደ» ተብሎ ታይቷል። የገላኔ የልጅ ልጆች አይተውት ኖሮ፣ ማታ ራት ላይ ማን ማንን በምን እንደ ገደለው ሲከራከሩ እንጀራው ደረቀ ብላኛለች። ኮሚቴው ግን ትክክል ነው። ከዚያ ሁሉ ሟች መካከል አንዱም ሌላውን ለተራዘመ ጊዜ አልተመለከተም፤ ጊዜ አልነበራቸውም።

ወደ ዕለቱ ልመለስ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጉሙ ከተራራው ወርዶ አዳራሹ ደጅ ድረስ መጥቷል። የጫሊ ልጆች በደንብ ለብሰው፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ ከወላጆቻቸውና ከአያታቸው ጋር ደረሱ። በር ላይ የነበረው ጥበቃ አሊዪ ነው፤ ምስኪን ልጅ፣ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ልጆቹን መለሳቸው። ጫሊ እንደ ሰበብ ይፈልገው የነበረ ነገር ስላገኘ ወዲያው «ልጆቼ የማይገቡበት ቤት እናቴም አትገባም፤ እንሂድ» አለ። አምባዬ በሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማል። ፊቱን ባየሁት ጊዜ፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ የዚያን ዕለት ማኅተምዎ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ገባኝ።

ገላኔ ግን ነጠላዋን አስተካከለችና «ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይቆዩ። እኔ እገባለሁ» አለች።

አሊዪ መሬት መሬት እያየ «አዴ ገላኔ፣ ይቅር በሉኝ፤ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው መታወቂያ ያሳይ ተብሏል» አላት።

«ልጄ፣ እስቲ ፊቴን እየው። የጎደለው ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም አልጎደለውም እናቴ። መመሪያው ግን ፊት አይልም።»

መታወቂያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። እሱም ከሐፍረቱ የተነሣ ሳያነበው መለሰላት። ጫሊ እናቱን ብቻዋን ማስገባት ስላልሆነለት ተከትሏት ገባ፤ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ደረጃው ላይ ቀሩ። ሐቁን ለመናገር፣ መመሪያው መከበሩን ሊቆጣጠሩ መጥተው እርስዎ የተቀመጡበትን ከፊት ያለ የክብር ወንበር ሳየው፣ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ቢቀመጥበት የተሻለ ይሞላ እንደ ነበር አስቤአለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ፊልሙ ተጀመረ። ያቺ ልጅ በወንዙ ማዶ ውኃ ስትቀዳ፣ እሱ ከወዲህ ፈረሱን ሲያጠጣ፣ ኮሚቴው በቸርነቱ የተወልንን እይታ ያህል ተያዩ። ሂንዲ የሚሰማ ሰው ዛሬም እንደ ዱሮው አልነበረም፤ ሁላችንም የምንሰማው በዐይናችን ነው። ሽማግሌዎቹ ዘፈኑ ሲመጣ በጉሮሯቸው ያንጎራጉራሉ። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ፣ ጎርፉ መጣ፣ ድልድዩ ተገነጠለ። ልጅቷ ከማዶ ጮኸች።

ወዲያው ሕፃን አለቀሰ።

ልጅቷ በምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ሕፃን ታጠባለች። ሰውየው አጠገቧ ጋደም ብሎ ይሥቃል።

ከዚያ ከኋላ አንድ ጎረምሳ «እንዴ! ሳይጋቡ ነው?» አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ያን ጊዜ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ መሀመድአወል በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። የእነዚያን ሁለት ልጆች ስም በሐሰት ያጠፋ ሰው ያገኙ ይመስል ተቆጥተዋል። «ወላሂ ተጋብተዋል! ሰርጋቸውን በዐይኔ አይቻለሁ! እዚሁ አዳራሽ!» አሉ።

ሣቁ እንዴት እንደ ነበረ ራስዎም ሰምተዋል። ፊልሙን የምታሳየው ኪያ ደንግጣ ማሽኑን አቆመችው። እኔ እስከ ዛሬ ነውር የሚባለው ነገር በፊልም ላይ የሚጨመር ይመስለኝ ነበር። ነውር በመቀነስም እንደሚሠራ ያስተማረን ኮሚቴዎ ነው። በዕድሜያቸው አንድ የማይገባ ነገር ያላደረጉ ሁለት ልጆች፣ በመቀስ ብቻ፣ በመላው ጎባ ፊት ዲቃላ ታቀፉ።

ይኼኔ ወንድሜ ከተቀመጠበት ተነሣና «በመካከል ያለውን እኔ ልንገራችሁ» አለ።

እርስዎም ግዴታዎ ነውና ብድግ አሉ። «አባባ፣ እንዲወጣ የተወሰነ ትዕይንት በቃልም ቢሆን…» ብለው ሳይጨርሱ፣ ሐጂ መሀመድአወል «አንተ ልጅ፣ ሕፃኑን አምጥተህብናል፤ የመጣበትን ይንገረን እንጂ!» አሉ፤ እርስዎም ተቀመጡ። መመሪያው ስለ ምስል እንጂ ስለ ሽማግሌ አፍ የሚለው ነገር አለመኖሩን በዚያች ቅጽበት ማስታወስዎ የብልህ ሰው ሥራ ነው፤ አደንቃለሁ።

አምባዬ ወሬ አያውቅም። ሕይወቱን በሞተር ድምፅ ውስጥ ያሳለፈ ሰው ነው። ቢሆንም ቀስ ብሎ ተናገረ። «ድልድዩ ሲሄድ እሱ ከወዲህ ቀረ፣ እሷ ከወዲያ ቀረች። አባቷ ከኋላዋ ይጣራሉ። ወንዙ ይጮኻል፤ ቢናገርም አትሰማውም። ስለዚህ እጁን አነሣ» አለና መዳፉን ወደ ፊት ዘርግቶ እጁን አነሣ። «ጠብቂኝ አላት።»

«እንደሱ አላላትም» የሚል ድምፅ ከሴቶቹ በኩል መጣ።

ገላኔ ነበረች። ዞረን አየናት። ጫሊ አጠገቧ እንደ ድንጋይ ሆኗል።

«ምን አላት ታዲያ፣ ወይዘሮ ገላኔ?» አለ አምባዬ።

«እጅዎን እንዲያ ሲያነሡ ምን ይባላል? ተመለሺ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ ነው። አትጠብቂኝ አላት። እሷም እሺ ብላ ተመለሰች።»

አምባዬ ወደ ሴቶቹ አንድ እርምጃ ቀረበ። ከዚያ «አትጠብቂኝ ካላት በማግሥቱ ድልድዩን ለምን መሥራት ጀመረ?» አለ።

«ድልድዩን እሷ መች አየችው? ቤቷ ገብታ ነበር።»

«ረጅም ጊዜ ነው የሠራው። በዝናብ፣ በጭቃ…»

«እሷ ግን አላየችም» አለች ገላኔ። «እጁን ብቻ ከሚያነሣ አፉን ከፍቶ ቢናገር ምን ነበረበት? ወንዙ ጮኸ እንበል። ወንዙ ሁልጊዜ አይጮኽም!»

ሴቶቹ «እውነት ነው!» አሉ። ስለ ፊልሙ ብቻ እየተነጋገሩ እንዳልሆነ በዚህ ጊዜ ያልገባው ሰው በአዳራሹ ውስጥ የነበረ አይመስለኝም፤ ኮሚቴውን ጨምሮ።

ከዚያ ገላኔ «እርስዎ»ን ተወችው። «አምባዬ» አለችው፣ ያኔ በተማሪነታችን ትጠራው እንደ ነበረው። «አንተስ? ዛሬም እጅህን ነው የምታነሣው?»

ወንድሜ እጁን ቀና ብሎ አየው። ለካስ እስካሁን አላወረደውም ነበር። አወረደው። «አይ፤ ዛሬስ በአፌ ነው» አለ። «ገላኔ፣ ነዪ። አብረን እንኑር።»

እሷም ነጠላዋን ሰብስባ፣ ቀና ብላ አይታው፣ «ቶሌ» አለች። እሺ ማለቷ ነው፤ በአፏ መፍቻ ቋንቋ።

እልልታው ከየት እንደ ጀመረ አላውቅም። እኔ ግን ዐይኔ ጫሊ ላይ ነበር። ብድግ አለ። እልልታው ጠፋ። ማንንም ሳያይ ወደ በሩ ሄደ፤ ጥሎን ወጣ ስንል በሩን ከፍቶ «አሊዪ፣ ልጆቹን አስገባቸው» አለ።

«ጋሼ ጫሊ፣ ዕድሜያቸው…»

«አያታቸው እየተዳረች ነው። እነሱ በብርድ ደጅ አይቆሙም።»

አሊዪ እርስዎን አየ። እርስዎ የአዳራሹን ጣሪያ በጥልቀት ይመረምሩ ነበር። ልጆቹ አፍንጫቸው በብርድ ቀልቶ ተከታትለው ገቡ። ጫሊም ወደ አምባዬ ቀረበና፣ አዳራሹ በሙሉ እንዲሰማ፣ «ጋሽ አምባዬ፣ እናቴ ሰው አላት። ሽማግሌ ይላኩ፤ እንደ ወጉ ይሁን» አለው። ወንድሜ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሐጂ መሀመድአወል «እኔ አንዱ ነኝ!» ብለው ምርኩዛቸውን አነሡ።

ኪያ ፊልሙን እንደ ገና አስጀመረችው። ያ ሕፃን እስከ መጨረሻው ድረስ እያለቀሰ፣ እኛም እየሣቅን ጨረስነው። እርስዎንም መነጽርዎን ደጋግመው ሲጠርጉ አየሁዎ። ጉሙ እዚያ ድረስ ገብቶ መሆን አለበት።

ሽማግሌዎቹ ሄደዋል፤ ጫሊ አንድ ጊዜ መልሷቸው፣ ወጉ ነውና፣ በሁለተኛው ተቀብሏቸዋል። ሰርጉ ጾሙ ሲፈታ ጎባ እኛ ቤት ይሆናል። ሪራ ያሉት የወንድሜ የመንገድ ሥራ ጓደኞች የጠጁን ማር እንልካለን ብለዋል። ስለዚህ በትሕትና የምጠይቃቸው ነገሮች አሉኝ።

አንደኛው፣ በአደራ ያስቀሩትን ዋና ካሴት እንዲመልሱልን ነው። ወንድሜና ገላኔ እንኳ «አያስፈልገንም፤ ያለውን ብሏል» ብለዋል። የምፈልገው እኔ ነኝ። ያ ሰውዬ እጁን ሲያነሣ ምን እንዳለ ሳላውቅ ብሞት ዐይኔ አይከደንም።

ሌላው፣ ሰርጉ ስንት ዓመት ለሞላው ሰው እንደሚፈቀድ ኮሚቴው ተሰብስቦ ደረጃ እንዲሰጥልን ነው። የጥሪ ወረቀቱ ሊታተም ስለሆነ ይፍጠኑልን። ሙሽሮቹ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ መያያዛቸውም የጎባ ኮረብታ ለእርጅና ጉልበት ስለሚያስቸግር የግድ ነው። ለተራዘመ ጊዜም ይተያያሉ። ዐይናቸው እንደ ዱሮው ስላልሆነ ፈጥነው ማየት አይችሉም። እነዚህ ትዕይንቶች ይውጡ ከተባለ ግን መቀሱን ይዘው ራስዎ መምጣት ይኖርብዎታል። ወንበርዎን ከፊት እናደርግልዎታለን፤ በአጠገብዎ የጫሊ ልጆች ይቀመጣሉ፤ ያልገባዎትን ያስረዱዎታል።

ኮሚቴዎ ባያስቸግረን ኖሮ ፊልሙን አይተን፣ አልቅሰን፣ ወደየቤታችን በሄድን ነበር፤ ወንድሜም ጫሊን ለማነጋገር ዛሬ ነገ እያለ ክረምቱን በገፋው ነበር። ይህንን የምለው ያለ ምጸት ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ቢኖር አይከፋም።

ማኅተምዎ አይደብዝዝ፣ መቀስዎ አይዶልዱም፣ ልብዎ ግን ትንሽ ይዶልዱምልዎ ዘንድ እየለመንሁ፣ የእጅዎን ሥራ ሳደንቅ የምኖር፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ መሆኔን በማናቸውም ጊዜ ለማስረዳት ዝግጁ የሆንሁ፣

አክባሪዎ
ሠርከአዲስ
ከጎባ

ግልባጭ፦
ለሐጂ መሀመድአወል፣ የሰርጉ የዐይን ምስክር
ለጥበቃ አሊዪ፣ መመሪያው ፊት እንዲጨምር ይረዳ ዘንድ

የተረሳ ነገር፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ለእናትዎ ለወይዘሮ ሸዋርጋ አንብቤላቸው ነበር። ሥቀው ሥቀው ሲያበቁ «አንድ ነገር ጨምሪልኝ» አሉ። «የወንዝ ማዶዋ» በሚታይበት በዚያ ዘመን አንድ ቀን መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ ሕዝቡ ሲያፏጭ፣ አንድ የማያውቁት ወጣት ክብሪት ጭሮ «አይዞሽ» አላቸው፤ ክብሪቱም ጣቱን እስኪያቃጥለው ድረስ ሲያያቸው ቆየ። ያ ወጣት አባትዎ አቶ ኃይለየሱስ ናቸው። እንግዲህ ክቡር ሰብሳቢ፣ ኮሚቴው ያን ጊዜ ተቋቁሞ ቢሆን ኖሮ እኛ አንድ ፊልም በቀረብን፣ ኮሚቴው ደግሞ አንድ ሰብሳቢ በቀረበት ነበር።